ማን አረዳህ?

የሮክ ዘፋኙ ደሳለ፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር ባለው የኪራይ ቤቱ ውስጥ፣ በማይክሮፎን ገመድ ከማገር ተሰቅሎ ተገኘ። ያገኘችው እህቱ አስቻለች አልጮኸችም። ራሱን ሰቀለ ለሚባል ሰው ጩኸት አይወጣለትም ብላ፣ አፏን በነጠላዋ አፍና ፖሊስ ጣቢያ ሄደች።

ኢንስፔክተር ነጅሚያ ሬሳውን አስወርዳ ስትመረምር ቄስ ወልደ ሰንበት ደጁ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

«ልጄ፣ ራሱን አጥፍቶ ከሆነ ፍትሐት የለውም። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥርም አይቀበርም።»

«ትንሽ ይታገሡኝ አባቴ።»

አስቻለች ነጅሚያ እግር ላይ ወደቀች። «ወንድሜን እንደ ውሻ ሜዳ ላይ አታስጥይብኝ!»

«ተነሺ እቴ። እዚህ ቤት ማን ይመጣ ነበር?»

«የድሮ ድራመሩ ሐምዳን፣ እዚሁ ታች ምግብ ቤት ያለው። እኔ ሳልኖር ሸሚዙን የሚያለብሰው እሱ ነው። ትከሻዎቹ በመኪና አደጋ ከተሰበሩ ወዲህ ክንዶቹ ከደረቱ በላይ አይነሱም። ጊታር የተወውም ለዚሁ ነው። ሰው እንዳያዝንለት ብሎ ‹ለንስሐ ነው› ይል ነበር እንጂ።»

«ሌላስ?»

«ፕሮዲዩሰሩ ኢያቄም። ስለ ደሳለ ፊልም እሠራለሁ ብሎ ከአዲስ አበባ መጣ። ድሮ ቀድተውት የጠፋ የአልበም ቴፕ እዚያ ሳጥን ውስጥ ተገኝቶ ነበር። ደሳለ ‹ሰክረን የቀዳነው ቆሻሻ ነው፣ አቃጥለዋለሁ› አለው። ትናንት ተጣሉ።»

ሳጥኑ ባዶ ነበር። ነጅሚያ ፖሊሶቿን «ስለ ሬሳው ትንፍሽ እንዳትሉ። ቴፕ ተሰርቋል ብላችሁ ሁለቱን ጥሩልኝ» አለቻቸው።

ሐምዳን በርበሬ የነካው ሽርጡን እንዳገለደመ ደረሰ። ሬሳውን ሲያይ «ያ አላህ!» ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ። ኢያቄም ደግሞ ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቆ፣ ካሜራ የያዘ ሰው አስከትሎ ገባ። «ወይኔ ጀግናዬ!» አለና ወደ ባለካሜራው ዞሮ «ፊቱን ቅረጸው፣ ቀረብ በል!» አለው። አይ ሰው! ያስታውካል እኮ!

ነጅሚያ ሁሉንም ሬሳው ዙሪያ አቆመች።

«ከገመዱ ሥር የጣት ምልክት አለ፤ ታንቆ ነው የተሰቀለው። ክንዱ ማገሩ ጋ እንደማይደርስ ሐምዳንና አስቻለች ያውቃሉ፤ ‹ራሱን ሰቀለ› ለማስባል አይሞክሩም። ኢያቄም፣ ነጠላህን ለምን አዘቀዘቅክ?»

«ሐዘን ላይ ነኛ!»

«ማን አረዳህ?»

«አስቻለች ደውላልኝ...»

«እኔ? እንኳን ልደውል፣ አላለቀስኩም!»

«ፖሊሶቹ...»

«ፖሊሶቹ የነገሩህ ስለ ቴፕ ነው። ለካሜራው ልታምር ብለህ ሐዘኑን ቀድመህ ለበስከው። ቦርሳውን ፈትሹት።»

ቴፑ ከቦርሳው ወጣ።

«ሊያቃጥለው ነበር!» አለ ኢያቄም፣ እፍረት ሳይነካው። «የሞተ ዘፋኝ እኮ አይረሳም። ስሙን ያተረፍኩለት እኔ ነኝ!»

«ኤዲያ! አውጡልኝ ከፊቴ!» ነጅሚያ ደጅ ወጥታ ምራቋን እንትፍ አለች። ከዚያ ቄሱን ቀና ብላ አየቻቸው። «ራሱን አላጠፋም አባቴ።»

ቄሱ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «አስቻለች ልጄ፣ ፍትሐቱን እናደርሳለን። በይ አሁን ጩኺለት።»

አስቻለች ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ከማለዳ ጀምሮ አፍና የያዘችውን ጩኸት ስትለቀው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ከየቤቱ እየሮጠ ወጣ።