ከኖራው ሥር

የውብዳር ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ የምትመለሰው ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች፣ ከጠዋት የተረፈውን ሻይ ታሞቃለች፣ የተማሪዎቿን የጂኦሜትሪ ወረቀት አርማ ትጨርስና መስኮቱ ሥር ያለችውን ጠረጴዛ በጨርቅ ወልውላ ባለካሬ ደብተሯን ትከፍታለች። ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የማንም አይደለም፤ የእሷ ነው። ሌላው መምህር ከሥራ በኋላ ልብ ወለድ ያነባል፣ ካርታ ይጫወታል፣ ኳስ ያያል፤ እሷ ንቅሳት ትነድፋለች። የማንም ገላ ላይ ወርዶ የማያውቅ ንቅሳት፣ በኮምፓስና በማስመሪያ፣ በሹል እርሳስ፣ ሃያ ስድስት ደብተር ሙሉ።

መምህራኑ ይህን ካወቁ ወዲህ አላስቀመጧትም። የታሪክ መምህሩ ቢራራ በእረፍት ሰዓት ባገኛት ቁጥር «ውቤ፣ ለእኔም ክንዴ ላይ አንበሳ ንደፊልኝ እንጂ፤ ድመት እንዳይመስልብኝ ብቻ አደራ» ይላታል። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ አንድ ቀን ቢሮ ጠርቶ ለመምህርት የማይሆን ነገር ነው ብሎ ሊመክራት ሞክሮ ነበር፤ በትርፍ ጊዜዬ የማደርገው እኔን ብቻ ነው የሚመለከተው ብላው ወጣች። አርባ አንድ ዓመቷ ነው። ምክር የሚሰማበትን ዕድሜ ጨርሻለሁ ትላለች።

ያ ሁሉ ንድፍ ለአንድ ቦታ ነበር። አንገቷ ላይ፣ ከጉሮሮዋ ዝቅ ብሎ፣ ዙሪያውን የሚሄድ አንድ ጥቁር ሰማያዊ መስመር አለ። የደብረ ታቦር እናቶች አንገት ላይ እንደሚታየው ያለ የተዋበ ንቅሳት አይደለም፤ ጌጥ የለው፣ ነጠብጣብ የለው፣ መስቀል የለው፤ የታሰረ ገመድ ነው የሚመስለው። የተነቀሰችው በአራት ዓመቷ ነው። የአራት ዓመት ልጅ አንገቷን አትነቀስም፤ የሰማ ሁሉ ይገርመዋል። ከዚያ ቀን የቀራት ትዝታ እግሮቿን የተጫናት የእናቷ ጉልበት፣ የኩራዝ ጥላሸት ሽታ፣ አንድ ላይ የታሰሩት መርፌዎች ቆዳዋ ላይ የሚያሰሙት ጭርጭርታ ነው። ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ይህን ይቅር ብላ አታውቅም። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ በሻርፕ ሸፍናው ኖረች፤ አሁን ሻርፕ በቃኝ ብላለች። በገዛ እጇ የነደፈችው ንቅሳት ያንን መስመር ሰባብሮ ይውጠዋል። ባሕር ዳር ያፌት የሚባል ወጣት ነቃሽ አግኝታለች፤ ቀጠሮዋ ቅዳሜ ነው።

ንድፉ የመጣላት ግንቦት ውስጥ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ላይ ነው። ከአንድ ነጥብ ተነስተው የሚዘረጉ ሰባት ቅስቶች፣ በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ክፍት የተተወ ቦታ፤ ያ ክፍተት የሚያርፈው ልክ አሮጌው መስመር ጫፍና ጫፉ በተገናኘበት ላይ ነው። ሌላ ጊዜ አሥር ሠርታ አሥር የምታጠፋ ሴት ያን ቀን ላጲስ አልነካችም። ቢራራ ደብተሩን ሲያይ ቀልዱ ጠፋበት።

«ይህን ከየት ነው የገለበጥሽው?»

«ራሴ ነኝ የሠራሁት» አለችው፤ ኩራቷን ልትደብቅ እንኳ አልሞከረችም።

የምትኖርበት ቤት የእናቷ ነው። የጭቃ ቤት ሆኖ፣ የጓዳው የኋላ ግድግዳ ዳገቱን ተደግፎ የቆመ ነው፤ ከበስተኋላው አፈር እንጂ ሌላ ክፍል የለም። እናቷ በሕይወት ሳለች ጳጉሜን በመጣ ቁጥር ያንን አንድ ግድግዳ ኖራ ትቀባው ነበር። የሳሎኑ ልስን ተላልጦ ሲወድቅ ግድ የማይሰጣት ሴት፣ ለዚያ ማንም ለማያየው የጓዳ ግድግዳ ከጎረቤት ተበድራም ቢሆን ኖራ አታጣም። ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት። የውብዳር ለኖራ ጊዜ አልነበራትም፤ ሦስት ጳጉሜን እንዲሁ አለፈ።

በዚህ ሰኔ፣ ዝናቡ ሲከብድ፣ ግድግዳው እያበጠ መጣ። ጓዳው መስኮት ስለሌለው ቀኑንም ጨለማ ነው፤ በሩን ስትከፍተው የእርጥብ አፈርና የአሮጌ ኖራ ሽታ ፊቷን ይመታታል፣ ከእሱም ሥር፣ ቀጠን ብሎ፣ አሁን እፍ ተብሎ የጠፋ የኩራዝ ሽታ ይመጣል። በዚያ ቤት ኩራዝ ከተለኮሰ ሃያ ዓመት አልፏል። ከዚያ ጭርጭርታው ጀመረ። አይጥ ነው አለች። ነገር ግን አይጡ የሚፍቀው እርሳሷ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ብቻ ነበር፤ ብድግ ስታደርገው ያቆማል፣ መልሳ ስታስነካው ይቀጥላል፣ ቅስት ስትስል ረዘም አድርጎ፣ ነጥብ ስታስቀምጥ አንድ ጊዜ ጭር አድርጎ። አራት ጊዜ ሞከረችው። በአራተኛው ላይ የእጇ ጸጉር ቆመ፤ ቢሆንም እርሳሷን አላስቀመጠችም።

«ደስ እንዳለህ ፋቅ!» አለች ወደ ጓዳው ጮክ ብላ። «እኔ ሥራዬን አላቆምም።»

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሻይዋን ነገር ትታ፣ አሮጌ ቢላዋና የእጅ ባትሪ ይዛ ጓዳ ገባች። ያበጠውን ኖራ መፋቅ ጀመረች። የእናቷ ዓመታት በየንብርብሩ እየተላጡ እግሯ ሥር ወደቁ፤ ነጭ፣ ቢጫ ነጭ፣ ግራጫ፣ ከዚያ የጭቃው ልስን። ጉልበቷ ቁመት ላይ፣ ትንሽ ልጅ ቆማ እጇ በሚደርስበት ቦታ፣ ጥቁር የከሰል መስመር ብቅ አለ። ቅስት ነበር። ቢላዋውን ጥላ በመዳፏ ጠረገችው። ሁለት። አራት። ሰባት ቅስቶች፣ በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ክፍት ቦታ።

ደብተሯን አምጥታ ከጎኑ አደረገችው፤ በማስመሪያም ለካችው። ልዩነት የለውም፣ አንዲት ሚሊ ሜትር እንኳ። ፈራች፤ መፍራቷንም ለራሷ አልደበቀችም። ይጠፋ እንደሆነ ብላ መስመሩን በቢላዋው ጫፍ ፋቀችው፣ አልጠፋም፤ ልስኑ ረገፈ፣ ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ ወጣ፣ መስመሩ ግን እዚያም አለ፣ እንዲያውም ይበልጥ ጠቁሮ። ጣት ያህል ጠልቃ ቆፈረች። መስመሩ ከላይ የተሳለ አልነበረም። ከውስጥ የመጣ ነበር።

አንገቷን የነቀሷት እማማ ደብሪቱ ከሦስት ቤት በታች ይኖራሉ። ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ ዓይናቸው ደክሟል። የውብዳር ሻርፕ እንኳ ሳትለብስ፣ እጇ ኖራ እንደለበሰ ገባችና ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። አሮጊቷ ገና ሳትናገር እጇን ይዘው አሸተቱት።

«ኖራውን ፋቅሽው።»

«ያበጠውን ላራግፍ ብዬ ነው፣ እማማ። ግድግዳው ላይ ስዕል አለ።»

«እናትሽ በየዓመቱ የምትቀባው ወዳ መሰለሽ?»

«ማን ነው የሳለው?»

«እኛም ይህንኑ ጠየቅንሽ። ገና ከሰል እንኳ አጥብቀሽ መያዝ የማትችይ ልጅ ነበርሽ። ማን ሳለው ብለን አንቺንና ግድግዳውን እያየን ጠየቅን። መልሱንም ሰማን። በሦስተኛው ቀን አንገትሽን አሰርኩት።»

«ምን ብዬ መለስኩ?»

እማማ ደብሪቱ እጇን አጥብቀው ያዙት። ጣሪያውን ዝናቡ ይደበድበዋል።

«አንቺማ ምንም አላልሽ» አሉ በመጨረሻ።

የውብዳር እጇን ነጠቀቻቸው። ከፍርሃቱ በላይ ንዴቱ በለጣት። እዚያው ቁጭ ብላ ሁሉንም ነገር እንደ ሒሳብ አወጣችው፤ እሷን ሳይነኳት በፊት፣ እግሯን ሳይዟት በፊት፣ ያንን ንድፍ ስላው ነበር። እነሱ ፈርተው አሰሯት፣ እጇ ግን አልረሳም። እንግዲያው ከማንም በፊት የእሷ ነበር።

«ራሴ ነኝ የሠራሁት» አለች ብድግ ብላ። «ያኔም፣ አሁንም። ቅዳሜ አንገቴ ላይ አደርገዋለሁ።»

«ጨምሪበት፣ የፈለግሽውን ጨምሪበት፣ ልጄ። ያን መስመር ብቻ አትክፈቺው።»

በሩን ሳትዘጋው ወጣች።

ሐሙስና አርብ እርሳስ አልነካችም። ቤቱ ግን ዝም አላለም። ምግብ ስትሠራ፣ ወረቀት ስታርም፣ ጭርጭርታው አይለያትም። አርብ ከሰዓት በኋላ ጓዳ ገብታ ጆሮዋን ከግድግዳው ላይ ለጠፈች፤ ግድግዳው ጸጥ ያለ ነው፣ ቅዝቃዜ ብቻ። ድምፁን ላለመስማት ሁለት ጆሮዎቿን በመዳፎቿ ደፈነች፤ ያን ጊዜ ጎላ ብሎ ተሰማት። እጆቿን አወረደች። ከዚያ ሄዳ ለነገ የምትለብሰውን አንገቱ ክፍት የሆነ ሸሚዝ ተኮሰች።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ባሕር ዳር ደረሰች። ያፌት ትሑት ልጅ ነው፤ ክፍሉ መስኮት የለውም፣ በመጋረጃ ተለይቷል፣ የአልኮል ሽታ አለው። ንድፉን ተቀብሎ ወደ መብራቱ አቀረበው።

«መምህር፣ በጣም ያምራል። ማን ነው የነደፈልዎት?»

«ራሴ ነኝ የሠራሁት።»

አልጋው ላይ በጀርባዋ ተኛች። መብራቱ እንዳይወጋት ብሎ ዓይኗን በፎጣ ሸፈነላት፣ አንገቷን በአልኮል ጠረገላት። እስኪያልቅ ዓይኔን አልገልጥም ብላ ለራሷ ቃል ገባች። በፎጣው ሥር ይታያት የነበረው ቀይ ብርሃን ድንገት ጠፋ፤ ከጣሪያው ያለው ማራገቢያም እየተንገጫገጨ ቆመ። ያፌት አንድ ነገር አጉረመረመ፣ መጋረጃው ተንኮሻኮሸ። ጥቂት ቆይቶ ጭርጭርታው ጀመረ።

የማሽን ድምፅ አልነበረም። መብራት ስለጠፋ በእጅ መርፌ እየሠራ ነው አለች በሆዷ፤ ልክ እንደ እማማ ደብሪቱ፤ ይህ ሊያስቃት ምንም አልቀረውም። ሕመሙ ካሰበችው የተለየ ነበር፤ ከላይ የሚወጋ ሳይሆን ከሥር የሚገፋ። ጥርሷን ነከሰች። ዛሬ እግሬን የያዘኝ የለም፣ ዛሬ በፈቃዴ ነው የተኛሁት አለች፤ ይህንንም እያሰበች ቅስቶቹን አንድ በአንድ ቆጠረች። የእርጥብ ኖራ ሽታ መጣ፣ ከእሱም ሥር የኩራዝ ሽታ፤ ከሸሚዜ ነው አለች። ሦስተኛው ቅስት አለቀ፣ አራተኛው፣ ሰባተኛው። በመጨረሻ፣ ክፍት በተተወችው ቦታ ላይ፣ የሆነ ነገር ክር ሲበጠስ እንደሚሰማው ጠብ ሲል ተሰማትና ጉሮሮዋ ላላ፤ ሠላሳ ሰባት ዓመት ታስሮ የኖረው ጉሮሮዋ። በፎጣው ሥር እንባዋ ወረደ። ደስ ብሏት ነበር። አሸነፍኳቸው አለች፣ እናቴንም፣ ደብሪቱንም፣ ሁሉንም።

ማራገቢያው ተንገጫግጮ ተነሳ። ቀዩ ብርሃን ተመለሰ። መጋረጃው ተገለጠና የችኮላ እርምጃ ተሰማ፤ የነዳጅ ሽታ አብሮ ገባ።

«ይቅርታ መምህር፣ በጣም አስቆየሁዎት» አለ ያፌት እያለከለከ። «ጄኔሬተሩ አልነሳ ብሎን ታች ግቢ ውስጥ ስንታገል ነበር። በሉ አሁን እንጀምር።»

ፎጣውን ከዓይኗ አነሳው። በሌላው እጁ የያዘው መርፌ ከነማሸጊያው ነው፤ ጓንቱን ገና አላደረገም። አንገቷን አየና መርፌው ከእጁ ወደቀ።

«ይሄ... ይሄን ማን ነው የሠራው?»

«ራሴ ነኝ የሠራሁት» አለው ከጉሮሮዋ የወጣ ድምፅ፣ ረጋ ብሎ፣ በኩራት፤ የውብዳር ግን አፏን አልከፈተችም ነበር።