ደወሉን የደወለው ሰው

ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴ ዓመተ ምሕረት፣ ከይጁቤ በታች ባለችው በወይራምባ፣ ጤፉ ለአጨዳ ደርሶ ሜዳው ሁሉ ነጥቶ ነበር፤ ቀኑ የሚካኤል ክብረ በዓል ነውና ማጭድ የጨበጠ አልነበረም፤ ታቦቱ ዑደቱን ፈጽሞ ገብቷል፤ ሕዝቡም በየወይራው ጥላ ሥር ተቀምጦ ጠበል ጠዲቁን እየቀማመሰ ይጫወታል። ጣልያን አገሩን ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ገዛሁ ይበል እንጂ፣ ጎጃም በየቆላው ሸፍቶበት እንቅልፍ አጥቷል።

በዚያ ቀን ግራዝማች ፈንታ ባንዶቹን አስከትሎ መጣ፤ ከኋላውም አንድ የጣልያን ሹም በበቅሎ ተቀምጦ ይከተላል። ፈንታ የዚያው አገር ተወላጅ ነው፤ ክርስትና የተነሣውም በዚያችው በወይራምባ ሚካኤል ነው፤ ግራዝማችነቱን ግን ያገኘው ከጣልያን ነው። ከጠላት እጅ የተቀበሉት ማዕረግ እንደ ሰው ጫማ ነው፤ ያስነክሳል።

«የሸፈተውን አውጡ! ጠመንጃውንም አስረክቡ!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ሲተያይ የመጀመሪያው ጥይት ተተኮሰ፤ ሰውም ጤፉን እየሰነጠቀ ወደ ገደሉ መበተን ጀመረ።

በዚህ ጊዜ የደብሩ ቄሰ ገበዝ ወልደ ሰንበት ሮጦ ደወሉን ደወለ።

የአገሩ ሕግ እንዲህ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ ደወል ደውሎ የተማፀነ ሰው፣ ነፍስ ያጠፋ እንኳ ቢሆን አይነካም፤ ስንት ደመኛ ጎራዴውን መዞ እስከ ቅጽሩ አሳዶ፣ ደወሉን ሲሰማ ጥርሱን ነክሶ ተመልሷል። ስለዚህ ሕዝቡ ከጤፉ መሐል ተመለሰ፤ እናት ልጇን አዝላ፣ ሽማግሌው በምርኩዙ እየተመራ፣ ሁሉም ወደ ቅጽሩ ገባ፤ ገብቶም እፎይ አለ። የጣልያኑ ሹም ወደ ደወሉ እያመለከተ ፈንታን አንድ ነገር ሲጠይቀው፣ ፈንታም ሲመልስለት በሩቅ ታየ፤ የተባባሉትን ግን ከሕዝቡ የሰማ የለም። ከዚያ በኋላ በሁለቱም በር ተኩስ ተከፈተ። ወይ ነዶ! ተኩሱ ሲያባራ ከደጀ ሰላሙ እስከ ቤተ ልሔሙ ሬሳ ያልተጋደመበት ስፍራ አልነበረም፤ ቄሰ ገበዙም የደወሉን ገመድ እንደ ጨበጠ ተገኘ።

ሚስቱ ወይዘሮ የብርጓል በገዛ ነጠላዋ ገንዛ ቀበረችው። አፈሩ ገና ሳይደርቅ፣ ታረቀኝ የሚባለው ገበሬ፣ ሚስቱን ሥራነሽን በዚያው ቀን ያጣው፣ በሕዝብ ፊት ቆሞ ጣቱን ቀሰረባት።

«እኔና ሥራነሽ ጤፍ ውስጥ ተደብቀን ነበር! ማን ጠራን? ባልሽ ነው የጠራን! ደወሉ ነው ያስፈጀን!»

ከለቀስተኛው አንድ ሰው እንኳ «ተው» አላለውም። ያ ቃልም የየብርጓል ልብ ውስጥ ገብቶ «እውነት ይሆን?» እያለ ያንገበግባት ጀመር። ከዚያ ቀን ወዲህ የወይራምባን ደወል የነካ የለም፤ ለቅዳሴ እንኳ ዲያቆኑ እየዞረ በቃል ይጠራ ነበር።

የብርጓል ማቋን ሳታወልቅ የአባቷን ውጅግራ ጠመንጃ ከተሰቀለበት አወረደች፤ «ዱር ቤቴ» ብላም ከደጀን በታች ወደ ዓባይ በረሃ ወረደች። እዚያ ያደረገችውን ሁሉ ልዘርዝር ብል አይዘለቅም፤ በመንገዱ የሚያልፍ የጣልያን ካሚዮን ሁሉ ስሟን ያውቅ ነበር ብል ይበቃል። የይጁቤው ነጋዴ ሐምዱ በጨው ጭነት መሐል ጥይት እየደበቀ ይልክላታል፤ ጎበዞችም ከየቀበሌው ይሰበሰቡላታል። አንድ ቀን ታረቀኝም መጣ።

«ከእርስዎ ጋር እዋጋለሁ፤» አላት መሬት መሬቱን እያየ። «ሰላምታዬን ግን አይጠብቁ።»

«ጠመንጃህ ይበቃኛል፤» አለችው።

ቃሉን ጠበቀ። ከሁሉ ፊት ይዋጋል፤ ጓደኞቹ «እሜቴ፣ እንደምን አደሩ?» እያሉ እጅ ሲነሡ ግን እሱ ፊቱን ያዞራል። እሷም በየማለዳው ያንን ዝምታ ትሰማ ነበር፤ ከጥይት ይልቅ ያማት ነበር።

በ፲፱፻፴፫ ዓመተ ምሕረት መጋቢት ሊያልቅ ሲል ሐምዱ ራሱ መጣ። «እሜቴ፣ ጣልያን ከደብረ ማርቆስ ጓዙን እየጠቀለለ ነው፤ በወይራምባ በሠራው ምሽግ የቀረው ፈንታና ባንዶቹ ብቻ ናቸው።» ጎበዞቿን ሰብስባ ገሠገሠች። ሲነጋጋ ምሽጉን ከበበች፤ ፀሐይ ከፍ ከማለቷ በፊትም ምሽጉ በእጇ ገባ፤ ባንዶቹ ጠመንጃቸውን እየወረወሩ እጃቸውን ሰጡ። ሲያልቅ አያምር ማለት ይህ ነው። ጎበዙ ዘራፍ አለ፤ ባንዲራው ተሰቀለ፤ ፈንታ ግን ተፈልጎ ታጣ።

በድንገት ደወል ተሰማ። የወይራምባ ሚካኤል ደወል!

ያን ድምፅ የሰማ የአገሩ ሰው ቤቱን እየጣለ ወደ ገደሉ ሸሸ። አርበኞቹ ግን ወደ ደወሉ ሮጡ፤ ሲደርሱም ግራዝማች ፈንታ አንድ እግሩ ጫማ፣ አንድ እግሩ ባዶ ሆኖ፣ ገመዱን በሁለት እጁ አንቆ ቆሟል።

«በሚካኤል ተማፅኛለሁ! ደወል ደውያለሁ!»

ታረቀኝ ጠመንጃውን አቀባብሎ ግንባሩ ላይ ደገነ። «ያን ጊዜ ደወሉ ለእኛ አልሠራም፤ ለዚህ ውሻ ይሥራ? እሜቴ፣ ይዘዙኝ!»

ሁሉም እሷን አየ። የብርጓል ያን ሰው ጠላችው፤ ከአንጀቷ ጠላችው፤ ጣቷም ቃታው ላይ ነበር። ዓይኗ ግን ባሏ ጨብጦት የሞተው ገመድ ላይ አረፈ።

«ፈንታ፤» አለች። «ያን ቀን ጣልያኑ ስለ ደወሉ ሲጠይቅህ ምን ብለህ መለስህለት?»

«ረስቼዋለሁ፤» አለ።

«በደወሉ ተማፅነህ በደወሉ ፊት ትዋሻለህ?»

«ምንድን ነው አለኝ፤» አለ ፈንታ ገመዱን ሳይለቅ። «እኔም ምንም አይደለም፤ በአንድ ቦታ ተሰብስበውልዎታል፣ አልሁት።»

«የደወሉን ሕግ አታውቅም ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ከአርበኞቹ መሐል የምሬት እሪታ ተነሣ። የብርጓል ወደ ታረቀኝ ዞረች።

«ሰማህ? ሦስት ዓመት ሙሉ መልስ ያጣሁልህ ጥያቄ ይህ ነበር። ባሌ ሕግ ደወለ፤ ሕጉን ያፈረሰው ይህ ነው። አሁን ብንገድለው ደወሉ ከንቱ ነበር፣ ወልደ ሰንበትም ሰው አስፈጀ ማለታችን ነው። እኔ አልልም! አንተም አትልም! ጠመንጃህን አውርድ።»

ከዚያም ለፈንታ፣ «ነፍስህን የሰጠህ ደወሉ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም፤ ምስጋናህንም አልሻም። የመንግሥት ዳኛ እስኪመጣ ከዚህ ቅጽር ንቅንቅ እንዳትል!» አለችው።

ታረቀኝ አፈሙዙን ወደ መሬት መለሰ፤ ወደ እሷም መጥቶ እስከ ጉልበቱ እጅ ነሣና፣

«እሜቴ፣ እንደምን አደሩ?» አለ።

የብርጓል በሐዘኑ ጊዜ በሰው ፊት ያላፈሰሰችው እንባ ያን ጊዜ ፈሰሰ። «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተ እንደምን አደርህ?» አለችው። ታረቀኝም ገመዱን ከፈንታ እጅ ነጥቆ ደወለ፤ ደወለ፤ ደወለ። ወደ ገደሉ የሸሸውም ሕዝብ መጀመሪያ አንገቱን ብቅ አደረገ፤ ቀጥሎ ቆመ፤ ከዚያ በእልልታ እየጎረፈ ወደ ቅጽሩ ገባ፤ በዚያ ቀን ማንም አልወደቀም።

የዘመኑን ነገር የጻፉ ሰዎች፣ በዚያ ወር የወይራምባ ምሽግ በአርበኞች እጅ መግባቱን በአንድ መስመር አስፍረው አልፈዋል፤ የየብርጓልን ስም አላነሡም። ፈንታ ዳኛው እስኪመጣ ድረስ ከደወሉ ሥር ፈቀቅ ሳይል ኖረ፤ በኋላም የሚገባውን ተፈረደበት፤ ይህንንም የጻፈው የለም። በወይራምባ ግን ዛሬም ማለዳ ደወሉ ሲሰማ፣ ሰው ነጠላውን እያደገደገ «ተነሡ፤ ወልደ ሰንበት ጠራን» ይላል።