ከማሰሪያው ስር ያለው አቧራ

ኢንስፔክተር ሊቲያ ዋቃሎሎማ አስከሬኑ አጠገብ ተንበርክካ የምታየው የሟቹን ፊት ሳይሆን ሸሚዙን ነበር።

ሟቹ ማሄንድራ ሴዋክ በአየር ማረፊያው የመንገደኞች አዳራሽ ማስፋፊያ ላይ የሥራ ጥራት የሚቆጣጠር መሐንዲስ ነበር። ጠዋት የገቡ ሠራተኞች ከብረት መወጣጫው ግርጌ በጀርባው ተዘርግቶ አገኙት። በትከሻና በደረት የሚታሰረውን የደህንነት ቀበቶ ጥብቅ አድርጎ ታጥቋል፤ ገመዱ ግን ከምንም ጋር አልተያያዘም። ጥቁር ሰማያዊ ሸሚዙን የጂፕሰም ብናኝ ዱቄት የተነፋበት አስመስሎታል። ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ማዶ መንገደኞች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ያልፋሉ።

«ገመዱን ሳያያይዝ ወጥቶ ወደቀ፤ ያሳዝናል» አለ ሥራ አስኪያጁ ኮሊን ሃርግሬቭ፣ ከብሪዝበን የመጣ ፊቱ የቀላ ሰው። «ነገ ለምረቃው ከዋና ከተማው ከሱቫ ሚኒስትሮች ይመጣሉ። እባክዎ ቶሎ ይጨርሱልን።»

«ሞት የእናንተን ምረቃ ጠይቆ ነው እንዴ የሚመጣው?» አለችው ሊቲያ።

የበሩ ዘበኛ እንደነገራት፣ ትናንት ሠራተኛው ከወጣ በኋላ ከሟቹ ጋር የቀሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፦ ኮሊን፣ አርክቴክቷ አንጂላ ዴኦ እና ፎርማኑ ሴሚ ናውሊቩ። ቀድሞ የወጣው ኮሊን ነው። ዘበኛው በደንብ ያስታውሳል፤ ኮሊን ሲወጣ የጂፕሰም ቦርድ መቁረጫው መጋዝ ጩኸት ገና አላባራም ነበር።

ሴሚን ሊቲያ ታውቀዋለች። የእናቷ መንደር ልጅ ነው። አባቷ የሞተ ዕለት በዝናብ መቃብሩን የቆፈረው እሱ ነበር።

አንጂላ ዓይኗ አብጦ ነበር።

«ማሄንድራ ከማን ጋር ተጣላ?» አለቻት ሊቲያ።

«ከኮሊን ጋር። ‹ኮርኒሱን ከላይ ገብቼ ሳላየው ምረቃ የሚባል ነገር የለም› አለው። ኮሊንም ‹አንተ ሰውዬ፣ እንጀራዬን ልትቆርጥ ነው የመጣኸው?› ብሎ በሩን ወርውሮ ዘግቶበት ሄደ።»

«ከዚያስ?»

«እኔ ቢሮ ውስጥ ነበርኩ። የመጋዙ ድምፅ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ የሆነ ነገር ዱብ አለ። ቦርድ የወደቀ መሰለኝ…» ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «ወጥቼ ባየው ኖሮ!»

ሴሚ ትከሻው በር የሚያህል ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ኩምትር ብሎ ተቀምጧል።

«እህቴ፣ ማሄንድራ ለእኔ ወንድሜ ነበር» አለ። «ቀበቶውን በእጄ አስታጠቅኩት፤ ወጣ። እኔ ከስሩ ቦርዴን ስቆርጥ ቆየሁ። ጨርሼ ስሄድ እላይ ሆኖ ያፏጭ ነበር።»

«መጀመሪያ ታጠቀ፣ ከዚያ ነው የቆረጥከው?»

«እንዴታ! ሰው ሳላስታጥቅ የማወጣ ከሆነማ ፎርማንነቴ ምኑ ላይ ነው?»

ሊቲያ ወደ አስከሬኑ ተመለሰች። የቀበቶውን የደረት ማሰሪያ በጣቷ ቀና አድርጋ ከስሩ አየችና ቀስ ብላ መለሰችው። ያየችውን ባታየው ደስ ባላት ነበር።

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ሦስቱንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ወደ መሐል ኑ» አለች።

ኮሊንና አንጂላ መጡ። ሴሚ ግን ከግድግዳው ጥግ አልተነቃነቀም።

«ሴሚ፣ ና እንጂ።»

«እዚህ ይሻለኛል፣ እህቴ።»

«እሺ። ማሄንድራ አቧራው ሳይነሳ ታጥቆ ቢሆን ኖሮ ከማሰሪያው ስር ያለው ሸሚዝ ንጹሕ ይሆን ነበር። ግን ከስሩም እንደ ሌላው ነጭ ነው። ቦርዱ ሲቆረጥ ቀበቶ አልነበረውም፤ የታጠቀው ከዚያ በኋላ ነው። ኮሊን መጋዙ ሳይቆም ወጥቷል። የወደቀው ነገር የተሰማው ደግሞ መጋዙ ከቆመ በኋላ ነው። ሁለት ሰው ይቀራል። አስታጥቄው ነበር ያለኝ ግን አንድ ሰው ነው።»

ዓይኗን ወደ ሴሚ መለሰች።

«ለምን እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም ነበር» አለች። «አሁን ግን እዚህ ኮርኒስ ስር ለመቆም የፈራው ሰው ነገረኝ።»

ሴሚ በግድግዳው ላይ ተንሸራቶ ቁጭ አለ።

«ኮርኒሱ የተንጠለጠለበት የላይኛው ሶሌታ፣ ኮንክሪቱ አርጅቷል፤ ቡሎን አይዝም» አለ። «ቀዳዳውን በማጣበቂያ ሞልቼ ኮርኒሱን ሰቀልኩት። ኮሊን ‹ካልደረሰ የመንደርህን ልጆች ሰብስበህ ትሄዳለህ› ይለኝ ነበር። ማሄንድራ ወጥቶ አየው፤ እኔም ተከትዬ ወጣሁ። ለመንኩት፣ እግሩን ያዝኩት። ‹ሴሚ፣ ሰው ላይ ይወድቃል እኮ!› አለኝ። ሊወርድ ሲል ገፋሁት። እግዜር ያውቃል፣ ልገድለው አልነበረም፤ ግን ገፋሁት።»

«ከዚያ አስታጠቅከው።»

«ገመዱን ረስቶ ነው እንዲባል።»

ሊቲያ ካቴናውን ራሷ አሰረችለት።

«ያደረገው ሰው ከታወቀ…» ኮሊን ጉሮሮውን ጠረገ። «ምረቃው እንግዲህ አይቀርም…»

ሊቲያ ወደ ሴሚ ዞረች። «በማጣበቂያ የሰቀልካቸው የትኞቹ ናቸው፣ ሴሚ?»

ሴሚ የታሰሩ እጆቹን ወደ ላይ አነሳ። «ያ፣ መብራቱ አጠገብ ያለው። ከሱ ቀጥሎ ያለው። ከመግቢያው በላይ ደግሞ ሁሉም።»

ኮሊን ቀና ብሎ አየ። ከመግቢያው በታች የሚኒስትሮቹ ወንበሮች ነጭ ጨርቅ ለብሰው ተደርድረዋል። ማንም ሳያዘው ሄደና የመጀመሪያውን ወንበር ይዞ ወደ ግድግዳው ይጎትት ጀመር።