ራሴን ያመኛል ያልኩ ዕለት

ለእሸቴ የመለስኩለት የመጀመሪያ ቃል ውሸት ነበር። ትንሽ ውሸት፤ ግን ስንት ወር አደከመችኝ!

በሰማንያ ዘጠኝ ዓ.ም. ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብላ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ በታይፕ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። እሸቴ ከሸኖ እህል የሚያመላልስ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ማመልከቻ ሊያጽፍ ገብቶ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። እኔ በእርሳስ ጫፍ ከሻሼ ሥር አናቴን እያከኩ ነበር። ቀና ስል ዓይኑ እዚያው እርሳሱ ላይ ነው።

«ራስሽን ያምሻል እንዴ?» አለኝ።

ያሳክከኛል ማለት አፈርኩ። እንደዚያ ያለ ዓይን ላለው ሰው እንዴት ይባላል?

«አዎ፣ ራሴን ያመኛል» አልኩት።

እውነቱ ሌላ ነው። የወር አበባዬ ሊመጣ ሳምንት ሲቀረው አገጬ በቡጉር ይሞላል፤ አናቴ ይቀላል፣ ይቆስላል፣ ፎረፎሩ ትከሻዬ ላይ ይረግፋል። ከዚያ ጋብ ይላል። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ይመለሳል። ጥቁር ልብስ ከለበስኩ ስንት ዓመቴ! አብራኝ የምትሠራው አለም ቡጉሬን ባየች ቁጥር «ፍቅር ይዞሻል» እያለች ትስቃለች። እኔ ለመሳቅ እንኳ አቅም አልነበረኝም።

በሳምንቱ እሸቴ ለጋ ቅቤ በጣሳ ይዞ መጣ።

«እናቴ ናት የላከችው። ለራስ ምታት መሐል አናት ላይ ነው አለች።»

«የት አውቃኝ?»

«ነገርኳታ!» አለና መሬት መሬት ያይ ጀመር።

ተቀባሁት። ከሱ እጅ የመጣ ነገር እንዴት ይጣላል? በሦስተኛው ቀን አናቴ ነደደ። እሱ በየሳምንቱ ያመጣል፣ እኔ እቀባለሁ፣ ይብስብኛል። በመጨረሻ የመኪናውን ድምፅ ስሰማ ከክፍሏ ኋላ ያለችው ጓዳ እየገባሁ አለምን «የለችም በዪው» ማለት ጀመርኩ። ወድጄዋለሁ፤ ግን እንዲያየኝ አልፈለግሁም።

ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሟ አናቴን ገልጣ አየችና «ሆርሞን ነው፤ የቆዳሽን ወዝ ያበዛዋል። ጨርሶ አይጠፋም፣ ግን ይያዛል» አለችኝ። በሳምንት ሁለቴ የምታጠብበት የመድኃኒት ሻምፑ ጻፈችልኝ።

«ቅቤ ትቀቢያለሽ?»

ሻሼን መልሼ እያሰርኩ በአንገቴ አዎ አልኳት።

«ተይው። ቅቤ ለፎረፎሩ ቀለቡ ነው።»

በማግስቱ እሸቴ ሳልደበቅ ደረሰብኝ። ፊቱ ጠቁሯል፤ ጣሳው እጁ ላይ ነው።

«አብነት፣ ከጠላሽኝ ንገሪኝ። እናቴ እሑድ ትመጣለች። ሽማግሌ ከመላካችን በፊት በገዛ እጄ አናቷን ልቀባት ብላለች።»

የእናቱን እጅ መመለስ እሱን መመለስ ነው። መቀባት ደግሞ አልችልም። እንባዬ መጣ።

«ራሴን አሞኝ አያውቅም» አልኩት። «ያሳክከኛል፣ እሸቴ። ይቆስላል። ቅቤው አባሰብኝ፤ ሐኪሟ በመድኃኒት ታጠቢ አለችኝ።»

ሻሼን ፈታሁለት።

ቁስሉን ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ጣሳውን እንደያዘ ወጣ። እስከ እሑድ ድምፁን አልሰማሁም፤ በቃ አለቀ አልኩ።

እሑድ እናቱ፣ እማማ የሺአረግ፣ ከሱ ጋር ቤታችን መጡ። ቅቤ አልያዙም። ከእናቴ ጋር ተሳስመው እንደጨረሱ ወደኔ ዞሩ።

«ልቀባሽ ነበር የመጣሁት። ካልሆነ ልጠብሽ። ያንን መድኃኒትሽን አምጪ።»

«ኧረ እማማ፣ እርስዎ አይንኩት! ቁስል ነው...»

«ዝም በይ አንቺ! ጎንበስ በይ።»

ጎንበስ አልኩ። በሻካራ እጃቸው ቀስ አድርገው አሹኝ። እሸቴ በጆግ ውሃ ያፈስልኛል፤ ጆሮዬ እንዳይገባ በመዳፉ ይከልልልኛል። ጎንበስ ማለቴ በጀኝ፤ ማልቀሴን ማንም አላየም።

ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆነን። ቁስሉ በየወሩ ይመለሳል፣ በየወሩ ይደክመኛል። እሱ ከመንገድ ሲገባ ፊቴን ያይና «ዛሬስ ራስሽን ያምሻል?» ይለኛል።

«ያሳክከኛል» እለዋለሁ።

ጆጉን ይዞ ይመጣል።