የአያቴ ውጅግራ ማንገቻ

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ መንፈስ ታየኝ በሚል ሰው የምስቅ ልጅ ነበርኩ፣ እዚሁ ኢየሩሳሌም ተምሬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ዛሬም ቢሆን አመንኩ አልላችሁም። የሆነውን ብቻ ልጻፍ።

ታላቅ ወንድሜ ወርቁ የሞተው እሑድ ነው፣ ስለዚህ ቅዳሜ የመጨረሻው ደህና ቀን ነበር ማለት ነው፣ ግን ማን ያውቃል። ከጸባ፣ ማለት ከወታደር ቤት፣ ለሰንበት እረፍት መጥቶ ነበር። እንደ ልማዳችን በከተማው መሀል ሚዳቋዎች ወደሚኖሩበት ባዶ ሜዳ በእግር ሄድን። ወርቁ አፏጨ፣ አጭር፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚል ፉጨት። አንዷ ቆማ ዞራ አየችን። እጁን እንደ ጠመንጃ ዘረጋና በምላሱ «ቀጭ!» አደረገ።

«ሩጥ እንጂ አንተ! ሳትሞት እረዳት፣ አለዚያ እኮ አባዬ አይበሉም!»

«በሰንበት አላርድም።»

«ሰበብ! ድሮም እግር የለህም።»

ተሳሳቅን።

ጨዋታው ከጎንደር የመጣ ነው። አያቴ ውጅግራ ነበራቸው፣ ጠመንጃው ለአባቴ ወረደ፣ አባቴም ወደዚህ ልንመጣ ስንነሳ የቀረችውን አንዲት ጥይት ወርቁ እንዲተኩስ ሰጡት፣ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። በእኛ ቤት ሚዳቋ ላይ ዝም ብሎ አይተኮስም፣ አስቀድሞ ይፏጫል፣ ያልዞረችው ትለቀቃለች፣ ዞራ ያየችው ግን የአዳኙ ናት። ወርቁ አፏጨ፣ ዞረች፣ እግሯን መታት። አባቴ ነፍሷ ሳይወጣ ለማረድ ቢላዋ ይዘው ሮጡ፣ የሰባት ዓመቱ እኔም ከኋላቸው።

ጠመንጃው ጎረቤት ዘንድ በአደራ ቀረ። የቆዳ ማንገቻውን ግን ወርቁ ወገቡ ላይ ታጥቆ አመጣው፣ ጸባ ገብቶ በተኩስ አንደኛ ሲወጣ አለቃው ፈቅዶለት መሣሪያው ላይ አሰረው። ወንድሜ ስቶ አያውቅም፣ ይህን የምጽፈው በኩራት ነው።

እሑድ ወደ ጦር ሰፈሩ ሲመለስ መኪናቸው ተገልብጦ ሞተ። ልብሱንና ማንገቻውን አመጡልን።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ጸባ የመግባት ተራ የእኔ ሆነ። ወንድሙ የሞተበት ልጅ ተዋጊ ክፍል የሚገባው ወላጅ ከፈረመ ነው፣ እናቴ ድሮ አርፋለች፣ አባቴ ደግሞ «አንድ ይበቃኛል» ብለው እምቢ አሉ። እኔ የወርቁን ቦታ ፈለግሁ፣ እሱ የቆመበት ሌላ ሰው ሲቆም... አልቻልኩም። የሚፈረመው ወረቀት እኔ ዘንድ ማደር የሚችለው አንድ ሌሊት ብቻ ነበር፣ በማግስቱ መመለስ አለበት። ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ቦርሳውን በአያቴ ማንገቻ አንግቼ፣ እንደገና ልለምናቸው አባቴ ዘበኛ ወደሆኑበት፣ ሃነቪኢም መንገድ ላይ ወዳለው ሕንፃ ሄድኩ። ኢትዮጵያ መንገድ በሚባለው ጠባብ ጎዳና አቋረጥኩ። ሊመሽ ነው፣ ዝናቡ አባርቷል፣ እዚያው ካለው የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን የሠርክ ጸሎት በስሱ ይሰማል።

ቋ፣ ቋ፣ ቋ። የሴት ጫማ መስሎኝ ነበር። ቀና ስል፣ በሁለቱ የድንጋይ ግንቦች መሀል ሚዳቋ ከፊቴ ትሄዳለች። እመኑኝ፣ ሚዳቋ፣ በቆሙት መኪኖች አጠገብ፣ ከሜዳው እዚያ ድረስ ስንት ሰፈር አለ መሰላችሁ።

ከኋላዬ ፉጨት ተሰማ። አጭር፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚል።

እሷ አልዞረችም፣ መንገዷን ቀጠለች። የዞርኩት እኔ ነኝ።

መንገዱ ባዶ ነው። ማንገቻው ትከሻዬ ላይ ከበደኝ፣ ቦርሳው ያው ነው፣ ግን ጠመንጃ የተንጠለጠለበት ያህል ወደ ታች ጎተተኝ። ከዚያ፣ በጣም ቅርብ፣ «ቀጭ» የሚል የምላስ ድምፅ። ፊቴን ስመልስ ሚዳቋዋ የለችም። አባቴ ጋ ሳልደርስ ወደ ቤት ሮጥኩ።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ከጥበቃ ሲመለሱ ማንገቻውን ጉልበታቸው ላይ አኑሬ ነገርኳቸው። ቆዳውን በአውራ ጣታቸው አሹት።

«ፉጨቱ የእሱ ነው?»

«የእሱ ነው፣ አባዬ።»

«ሚዳቋዋ ዞረች?»

«አልዞረችም።»

«አንተስ?»

ወረቀቱ በእጄ ነበር።

«አልዞርኩም» አልኩ።

«እንግዲያ ለቆሃል» አሉና ብዕር ጠየቁኝ፣ በተማሯት ዕብራይስጥ ስማቸውን ፊደል በፊደል ጽፈው ፈረሙልኝ፣ ማንገቻውንም በገዛ እጃቸው አነገቱልኝ።

አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ወደ ኋላ ሳላይ ሄድኩ። ወንድሜ ስቶ አያውቅም።