ሁለት ገብተን ሁለት ወጣን

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን በዓይኔ ያየሁትን፣ በእጄ ያደረግኩትን ነው የምነግራችሁ። አንዲት ቃል አልጨመርኩም። እንዲያውም የቀነስኩት ይበዛል።

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ... አናት የምትበሳ ፀሐይ ብቻ።

ቦታው የከተማችን አሮጌው መንገድ ነው። ጥርብ ድንጋይ ተነጥፎበታል። ግራና ቀኙ የድሮ ፎቅ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆመዋል። የእንጨት ሰገነት፣ የተፈለፈለ በር፣ ባለቀለም መስታወት። ሰው ፎቶ ሊነሳ ይመጣበታል። እኔ የምሄደው ለሥራ ነው። ቤቶቹ ከመታደሳቸው በፊት አንድ በአንድ እየለካሁ በወረቀት እነድፋቸዋለሁ።

የዚያን ቀን ሜትር የሚይዝልኝ ባልደረባዬ ታሞ ቀረ። ታላቅ ወንድሜን ለመንኩት።

ጋሼ ነው የምለው። አናጢ ነው። እናትና አባታችን ሲሞቱ እሱ አሥራ ዘጠኝ፣ እኔ ስድስት ዓመታችን ነበር። ትምህርቱን ጥሎ ያሳደገኝ እሱ ነው። ይሄው ሠላሳ ዓመት አልፎኝም ሚጢ ነው የሚለኝ።

«ወገቤን ያመኛል፤ ግን ላንቺ ያልሆነ ወገብ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ መጣ።

በመንገዱ ስናልፍ በሮቹን ሁሉ በመዳፉ ይዳስስ ነበር። አንዱ ላይ ቆም አለና፣

«ይሄን የፈለፈለው ሰውዬ ሚስቱ አኩርፋው ነበር ማለት ነው» አለኝ። «አለዚያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ከየት አመጣው?»

ሳቅን።

የመጨረሻው ቤት በር ላይ ዘበኛው ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ናቸው። ቁልፉን ሲሰጡኝ ፊቴን አላዩም።

«ስንት ናችሁ?»

«ሁለት ነን፣ አባባ።»

«ሁለት ገብታችሁ ሁለት ውጡ። ሌላው እኔን አይመለከተኝም።»

ይሄን ብለው መንገዱ ጫፍ ላይ ወዳለችው የጥበቃ ቤታቸው ሄዱ።

ጋሼ ጠቀሰኝ። «ዘበኛ ነው ወይስ ቆጣሪ የቀጠራችሁት?»

በሩን ከፈትኩት። ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ የሚገባ ጠባብ ኮሪደር አለ። ጫፉ አይታይም። እኔ ደፉ ላይ ቆምኩ። ጋሼ የሜትሩን ጫፍ ይዞ ገባ። ጫማው ጣውላውን ሲረግጥ ይሰማኛል።

ቋ... ቋ... ቋ...

ቤቱን ጠዋት ከውጭ፣ በጎኑ በኩል ለክቼዋለሁ። ከፊት እስከ ኋላ አሥራ አራት ሜትር ነው።

ሜትሩ ከእጄ መተርተሩን ቀጠለ። አሥራ አራት አለፈ። አሥራ ስምንት... ሃያ... ሃያ ሦስት ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ግድግዳው ጋ ደረስክ?»

«ያዝኩት!»

«አጥብቀህ ያዝ።»

«ያዝኩት!»

ውጭ ስለካ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ቁጥሩን ጻፍኩ።

«በቃ፣ ልቀቀው።»

ሜትሩን ነቅነቅ አደረግኩት።

«ያዝኩሽ።»

ሳቅኩ። ቀልደኛ ነዋ።

ግን ሜትሩ አልተለቀቀም። ቀስ ብሎ... በጣም ቀስ ብሎ... ወደ ውስጥ ይስበኝ ጀመር።

በዚህ ጊዜ ነው ከኋላዬ፣ ከመንገዱ በኩል፣ አንድ እጅ ትከሻዬን የነካኝ።

ጋሼ ነው።

የውሃ ጠርሙስ ይዟል።

«ፀሐዩ እንዳይጥልሽ ውሃ ላምጣልሽ ብዬ ነው» አለኝ።

«በየት ወጣህ?»

«በጓሮው በር።»

ሜትሩ እጄ ላይ እንደተወጠረ ነው።

«ታዲያ...» ሜትሩን አሳየሁት። «ታዲያ ይሄን ማን ነው የያዘው?»

የሜትሩን መስመር ተከትሎ ወደ ጨለማው አየ። ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለ።

«እንዳትናገሪ። በሩን ዝጊ።»

ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«ሚጢ? ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

የጋሼ ድምፅ። ቁርጥ የጋሼ።

«ሚጢ... ማነው እሱ?»

ከዚያ ሩጫ። ጣውላው ተንቀጠቀጠ። ሜትሩን ወርውሬ በሩን ሳብኩት። ቁልፉን አዞርኩት። ወዲያው በሩ ከውስጥ በቡጢ ተመታ።

«ክፈቺ! ሚጢ፣ እኔ ነኝ! እዚህ ውስጥ የሆነ ነገር አለ!»

አንዱ ከበሩ ወዲያ፣ አንዱ ከበሩ ወዲህ። አንድ ነገር ብልጭ አለልኝና አፌን በሩ ላይ አስጠግቼ ጠየቅኩ።

«ጋሼ ከሆንክ ንገረኝ። እናታችንን የቀበርን ቀን ምን ብለህ ነው ያስተኛኸኝ?»

ከውስጥ ያለው ማልቀስ ጀመረ።

«አላ... አላስታውስም። ሚጢ፣ እሱን ተይው... ክፈቺው ብቻ... እየመጣ ነው...»

አጠገቤ የቆመው ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

«'አንቺ ተኚ፣ በሩን እኔ እጠብቃለሁ' አልኩሽ።»

ልክ ነው። ቃል በቃል።

ቁልፉን ሁለተኛ ዙር አዞርኩት።

ከውስጥ የነበረው ምን ያህል እንደጮኸ አልነግራችሁም። በጥፍሩ በሩን ሲቧጥጥ የሚሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በመጨረሻ ግን ጩኸቱ ቆመ። ልቅሶው ቆመ። በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣

«እሺ ሚጢ... እኔን ተይኝ። አንቺ ሩጪ» አለኝ።

ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

ዘበኛው ጥበቃ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ሆነው ስንመጣ አዩን። በጣታቸው ቆጠሩን።

«ሁለት። ሞልቷል» አሉ።

ወንድሜ ወደ ፊት ሄደ። አንዱንም በር በእጁ አልነካም። እኔ ቆም ብዬ፣

«አባባ፣ የጓሮውን በር ግን ክፍት ትተውት ነው?» አልኳቸው።

«የምን የጓሮ በር?» አሉ። «ያ ቤት ያለው አንድ በር ነው።»

ዞሬ ወደ ቤቱ አየሁ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ። ቁልፉ ገና እኔ ጋ ነው። ተመልሼ መክፈት እችል ነበር። ሃምሳ እርምጃ አይሞላም።

ፈራሁ። ቁልፉን ሰጠኋቸው።

ሰው ሲጨንቀው የገዛ ስሙን ይረሳል። ይሄን ማንም ያውቃል። መፈራት የነበረበት ያልደነገጠው ነበር። ይሄ የገባኝ ግን ቤቴ ገብቼ ከተኛሁ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቀን ዘበኛውን ለምኜ አስከፈትኩ። ኮሪደሩን ለካሁት። አሥራ አራት ሜትር። ባዶ ነው። የበሩ የውስጥ ገጽ ላይ አንድ ጭረት እንኳ የለም።

ለማን ይነገራል? ለሚስቱ ለእትዬ ልነግራት ሁለቴ ሄጄ ሁለቴም ወሬ ለውጬ ተመለስኩ። እሱ ደህና ነው። ይሠራል። ይስቃል። «ወገቡን እንኳ ተሻለው» አለችኝ ደስ ብሏት።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ እትዬ ደወለች። በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«ድረሽልኝ። መኝታ ቤት ገብቼ ቆልፌያለሁ። ይሄ... ይሄ ሰውዬ ወንድምሽ አይደለም።»

«አትክፈቺለት! ስልኩንም አትዝጊው፣ መጣሁ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ሮጥኩ። የምንኖረው ሁለት መንደር ተራርቀን ነው። ትንፋሿ እየተሰማኝ ደረስኩ።

ሳላንኳኳ በሩ ተከፈተ።

ወንድሜ ነው። ፈገግ ብሏል።

አጠገቡ እትዬ ቆማለች። ወገቡን አቅፋለች። እሷም ፈገግ ብላለች።

ስልኩ ውስጥ ደግሞ እትዬ፣ «ደረስሽ እንዴ? በር ሲከፈት ሰማሁ... ማነው የከፈተልሽ?» ትለኛለች።

መልስ ልሰጣት አፌን ከፈትኩ።

በሩ ላይ የቆመችው እጇን ዘርግታ ስልኩን ከጆሮዬ ላይ ቀስ አድርጋ ወሰደችው። ወደ አፏ አስጠጋችው። ዓይኔን እያየች፣

«እትዬ፣ ደርሻለሁ። ክፈቺልኝ፣ እኔ ነኝ» አለች።

በእኔ ድምፅ።

ከውስጥ... የመኝታ ቤቱ ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ።