«አልፎ አልፎ» የተባለው ምዕራፍ

መጽሐፉ ለእንግሊዝኛ ተማሪዎች የሚዘጋጅ ነበር። አዘጋጇ ምድር ቤት፣ አራሚው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይሠራሉ። የማተሚያ ቤቱ ደንብ ጥብቅ ነው፤ አዘጋጅና አራሚ በቃል አይከራከሩም፣ ያላቸውን በረቂቁ ኅዳግ ላይ ይጽፋሉ። በአንዲት ነጠላ ሰረዝ ሰበብ ሁለት ሰዎች ተደባድበው ነው አሉ ደንቡ የወጣው።

እንዲህ በወረቀት ሲመላለሱ ዓመት ሞላቸው። ደረጃው ላይ ሲገናኙ «እንዴት አደርሽ» ይላታል። እሷ ፊቷ ይቀላል፣ እሱ ጫማውን ያያል። በጽሑፍ ቃል የማያልቅባቸው ሁለት ሰዎች፣ ፊት ለፊት ሲሆኑ ምላሳቸው ይታሰራል።

አሁን የቀራቸው አንድ ምዕራፍ ነው፤ እንግሊዞች «አልፎ አልፎ» ለማለት የሚጠቀሙባቸው አባባሎች። አራሚው በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ብሎ ጽፎላታል፦

«ፍሮም ታይም ቱ ታይም ለደብዳቤም ለሪፖርትም ይሆናል። ናው ኤንድ ዜን ለጨዋታ ይሻላል። ዋንስ ኢን ኤ ብሉ ሙን ከስንት አንዴ ለሚሆን ነገር ነው፤ ቁም ነገር ባለው ጽሑፍ አታስገቢው።»

ሰኞ ዕለት ወሬው ደረሳት። አራሚው አባቱ ታመውበት ሥራውን ለቋል፤ ዓርብ ወደ ትውልድ ከተማው ይሄዳል። መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። ደንቡን ጥሳ ልትወጣ ተነሳች፤ ደረጃው ሥር ስትደርስ ግን ተመለሰች። ስለዚህ ከምሳሌዎቹ መሐል፣ በእንግሊዝኛ፣ እንዲህ ስትል ጻፈችለት፦

«ሌላው ሰው አልፎ አልፎ ትዝ ይለኛል። አንተ ግን ከልቤ ጠፍተህ አታውቅም። ሳትሄድ ንገረኝ፤ ትወደኛለህ?»

ረቂቁ ሐሙስ ተመለሰ። ከሥሩ በቀይ ቀለም ተጽፏል፦ «ጥሩ ምሳሌ ነው። ለጀማሪ ግን ይረዝማል።»

ደሟ ፈላ። ፎቁን በሩጫ ወጣችው። እሱ መሳቢያውን እያራገፈ ነበር።

«ይሄ ምሳሌ አይደለም!»

«አውቃለሁ።»

«እያወቅክ ታርመዋለህ? ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ?»

«ታዲያ ምን ልበልሽ?» ድምፁ ተሰበረ። «እወድሻለሁ ብዬ፣ በማግስቱ ጥዬሽ ልሂድ? አባዬን ከእኔ በቀር የሚያስታምም የለም። ስንት ዓመት ጠብቂኝ ልበልሽ?»

በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል፣ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ይኼን ሁሉ ቀን ብቻዋን የተቃጠለች መስሏት ነበር።

«እየመጣሁ አይሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «በዓመት ሁለቴም፣ ሦስቴም። ስንት ጊዜ ልምጣ? አንቺ በይ።»

በየቀኑ ልትለው አማራት። አባቱ የታመሙበት ሰው ግን እንዲህ አይባልም።

«አንድ ጊዜ ብቻ ና» አለችው። «ከዚያ ግን አትሂድ።»